ቁልቁለት ላይ የሚቆም መኪና

ይህን ከሰማሁ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ግማሹንም ረስቼዋለሁ። የብስክሌቴን ፔዳል ላስበይድ አንድ ጋራዥ ደጃፍ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንድ ሰው አሮጌ ፒክአፑን በሌላ መኪና አስጎትቶ መጣ።

«ባትሪው ነው» አለ ገና ሳይወርድ። «ድንገት ነው የሞተብኝ። ባትሪው መሆኑን ብቻ ይንገሩኝ ጋሼ።»

መካኒኩ ጋሽ ሄራሞ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ መብራቱን አብርቶ ቁልፉን እንዲያዞር ነገሩት።

አዞረ። ቀጭ አለ፤ ሞተሩ ግን ንቅንቅ አላለም። መብራቱስ? ፈዘዘ? አልፈዘዘም።

«ባትሪህ ደህና ነው» አሉት። «ደክሞ ቢሆን መብራቱ ይፈዝ ነበር። ጉልበቱን ተቀብሎ ሞተሩን የሚያዞረው ሞተሪኖው ነው እምቢ ያለው።»

ከሥር ገብተው ሞተሪኖውን በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረጉት። ሰውየው ቁልፉን ሲያዞር ተነሳ። ደስ አለው፤ እንግዲያው መዶሻ ይዤ እዞራለሁ፣ ይበቃኛል አለ።

ጋሽ ሄራሞ አልሳቁም። ውስጡ ኤሌክትሪኩን የሚያቀብለው ካርቦን ተፍቆ አልቋል፣ ስትመታው ለጊዜው ይነካካል እንጂ አልዳነም አሉት። ከዚያም ጠየቁት፦ «ይሄ የዛሬ በሽታ አይደለም። እስከ ዛሬ በምን ታስነሳው ነበር?»

ሰውየው ቀስ እያለ አወጣው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ያውቅ ነበር። ቤቱ ቁልቁለት አናት ላይ ነው፤ እዚያ ያቆመዋል፣ ለቀቅ ሲያደርገው ይነሳል። ሜዳ ላይ ከቆመም ሰው ይገፋለታል። ሰፈርተኛው፣ «ይሄ ሰው ሲሞትም ቁልቁለት ላይ ቅበሩኝ ይለናል» እያለ ይቀልድበት ነበር። እሱም አብሮ ይስቅ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ግን ለቤተ ክርስቲያኑ አጥር የመጣ ድንጋይ ቁልቁለቱ ላይ ተራገፈ። መኪናውን ታች ሜዳው ላይ አቆመ። በማግስቱ ገበያ ነበር። ወንዱ ሁሉ ገበያ ወጥቶ ሳለ የጎረቤቱን የላምቤቦን ሚስት ምጥ ያዛት። ሴቶችና ሽማግሌዎች ገፉ። ጭቃ ነበር፤ ጎማው ሰመጠ። በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። እናቲቱ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም።

«ላምቤቦን ምን አልከው?» አሉት ጋሽ ሄራሞ።

«ባትሪው ድንገት ሞተብኝ አልኩት።»

«እሱስ?»

«አይዞህ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብሎ አጽናናኝ።»

ወገኖቼ፣ ልጁን የቀበረው ሰው አጽናኝ ሆነ! እኔን እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። እኛ በቸልታችን ያበላሸነውን ስንት ነገር «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አስብለን ቀብረናል?

ራሳችሁን መርምሩ። መብራታችሁ በርቷል፤ እሱን ሁሉም ያያል። ክላክሳችሁም ይጮኻል። ግን ስትጠሩ ትነሳላችሁ? ወይስ ቁልቁለት እየመረጣችሁ ነው የምትኖሩት? ቤታችሁ ውስጥ ማን ነው የሚገፋችሁ? ሚስታችሁ ናት? እናታችሁ? ቁልቁለቱ ክፍት በሆነበት ዘመን ሁሉ ደህና ነን እንላለን። የሚዘጋበትን ቀን ግን እኛ አንመርጠውም። የምታውቁትን ብልሽት ዛሬ አውጡት። እንደምታውቁት አውቃለሁ፤ እኔም የራሴ አለኝና።

የቀረውን ልንገራችሁ። ጋሽ ሄራሞ ሞተሪኖው ተፈትቶ ይሠራል፣ መኪናው ሁለት ቀን እዚህ ይቆማል አሉት። እሺ አለ። «ላምቤቦስ?» አሉት። አንገቱን ደፋ። አሁን ብነግረው ምን ይጠቅመዋል፣ ሐዘኑን መቀስቀስ ነው አለ። እሳቸው ቆመው ጠበቁት።

መሐል ላይ የተባባሉትን ረስቻለሁ። የመጨረሻውን ግን አልረሳሁም።

«እሺ» አለ። «ዛሬውኑ እሄዳለሁ። ባትሪው እንዳልነበረ እነግረዋለሁ።»

ቁልፉን ሰጣቸውና ዳገቱን በእግሩ ጀመረው።