እመት አህያ ካርታ የተጫወተች ዕለት

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሳይዘንብ ባለፈበት ዓመት፣ ጅብ፣ ቀበሮና አህያ በአንዲት ኩሬ ተጣሉ። ሲገፋፉ ውሃውን ጭቃ አደረጉት። አያ አንበሶ ይህን አይቶ ተቆጣ።

«በጥርስ አይሆንም» አለ። «በካርታ ትለያላችሁ። ኩሬው የአሸናፊው ነው። የተሸነፈ ታች ወንዝ ይውረድ።»

እመት አህያ ደነገጠች። አሮጊት እናቷ ጉልበቷ ደክሟል፤ ታች ወንዝ ድረስ አትደርስም። እናትየው ግን አልተጨነቀችም።

«ልጄ፣ ይህ ጆሮ የተሰጠሽ ለዝንብ ማባረሪያ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ስሚ። ካሸነፍሽ ደግሞ አናፊልኝ፤ እዚሁ ሆኜ እሰማሻለሁ።»

እኩለ ቀን ላይ ሦስቱ ኩሬው ዳር ካለው ሾላ ሥር ተቀመጡ። አያ አንበሶ ለእያንዳንዳቸው ሃያ ሃያ ደረቅ አጥንት ቆጥሮ ሰጠ። ሕጉ ቀላል ነው። በየዙሩ ሁሉም አንድ መነሻ አጥንት መሐል ያኖራል፤ አንድ አንድ ካርታም በድብቅ ይሰጠዋል። በካርታው የተማመነ አጥንት ይጨምራል፤ የፈራ ካርታውን አስቀምጦ መነሻውን ይተዋል። ትልቅ ካርታ የያዘ የመሐሉን ይወስዳል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ንጉሥ ነው፤ አጥንቱ ያለቀበት ከጨዋታው ይወጣል። አንበሳ ሦስት ድንጋይ በተርታ አስቀመጠ። የሾላው ጥላ አንዱን ድንጋይ ባለፈ ቁጥር መነሻው እጥፍ ይሆናል።

«አንቺ ደግሞ ምን ልታደርጊ መጣሽ?» አለ አያ ጅቦ። «እዚህ ጭነት የለም!»

አህያ ካርታዋን አየችና አስቀመጠች። በሁለተኛውም አስቀመጠች። በሦስተኛውም።

«እቴ፣ እንቅልፍሽ መጣ እንዴ?» አለች እመት ቀበሮ።

ጅብ ግን አንድም ዙር አያልፈውም። መሐል ላይ አጥንት እያየ እንዴት ይተው? ባለ ሁለትም ይዞ ይጨምራል፣ ባለ አራትም ይዞ ይጨምራል። ደግሞ ሲጨንቀው ከፊቱ ያለውን አጥንት አንሥቶ ይቆረጥማል።

«አያ ጅቦ፣ መጫወቻህን እኮ እየበላኸው ነው» አለው አንበሳ።

«አንዷን ብቻ ነው ጌታዬ!»

ጥላው ሁለተኛውን ድንጋይ ሳይነካ የጅብ ፊት ባዶ ሆነ። ጥቂቱን ቀበሮ ወሰደችው፤ የበዛውን ሆዱ።

አህያ ይህን ሁሉ ጊዜ ስትሰማ ነበር። ቀበሮ ካርታዋ ጥሩ ሲሆን ጭጭ ትላለች። መጥፎ ሲሆን አፏ ማር ይሆናል።

ጥላው ሁለተኛውን ድንጋይ አለፈ። አሁን መነሻው አራት ነው፤ አህያ የቀራት ስምንት። ሁለት ዙር ዝም ካለች አለቀላት። እናቷ ትዝ አለቻት። ካርታ ተሰጠ፤ መነሻዋን አኖረች፤ ቀስ ብላ አየችው። ባለ ሦስት ነው።

«የኔ እመቤት፣ ዛሬስ ፀጉርሽ እንዴት ያምራል!» አለች ቀበሮ።

አህያ የቀራትን ሁሉ በአፍንጫዋ ወደ መሐል ገፋች። ቀበሮ አፏን ከፈተች። ቀኑን ሙሉ ስታስቀምጥ የዋለች አህያ ያለ ንጉሥ አትነሣም ብላ አሰበች። ካርታዋን አስቀመጠች። በሚቀጥለውም ማሯን አፈሰሰች፤ አህያም ሁሉን ገፋች። ሦስተኛም እንደዚያው። አጥንታቸው እኩል ሆነ።

አህያ በዚህን ጊዜ ካርታዋን ገልብጣ አሳየች። አሁንም ባለ ሦስት!

ጅብ ከጎን ሆኖ መሬት ላይ ተንከባለለ። «እመት ቀበሮ፣ በአህያ ተበላሽ!»

ቀበሮ ጭራዋ ቆመ። «ሁለተኛ አትሸውጂኝም!»

ካርታ ተሰጠ። አህያ አየች። ንጉሥ ነው። ከደስታዋ ብዛት ማናፋት አፏ ድረስ መጣ፤ ጥርሷን ነክሳ መለሰችው። ከዚያ እንደ በፊቱ ሁሉን ገፋች።

«ይኸው ደግሞ ባለ ሦስቷ መጣች!» አለች ቀበሮ፤ ባለ ስምንት ይዛ ያላትን ሁሉ መሐል ጣለች።

አህያ ንጉሡን ገለበጠች።

ቀበሮ ለረጅም ጊዜ ካርታውን አየችው። «እቴ» አለች በመጨረሻ፣ «እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ መሰለኝ።»

ያን ጊዜ አህያ አንገቷን ቀና አድርጋ አናፋች። ገደሉ መለሰላት። ከአንድ ጉብታ ማዶ አንዲት አሮጊት አህያ ጆሮዋን አቆመች፣ ብድግ አለች፣ ቀስ እያለች ወደ ኩሬው ወረደች።

እናት እስክትጠግብ ማንም አልተጠጋም። ከዚያ አህያ ዞር አለች።

«ኑ፣ ጠጡ። አያ ጅቦ፣ አንተ ግን ኩሬውን እንዳትጨርሰው።»

«አንድ ጉንጭ ብቻ ነው!» አለ ጅብ።

ከዚህ የምንማረው፣ መጀመሪያ ላይ ታግሦ ያዳመጠ ሰው ቀኑ ሲጠብ ቢነሣ እንደሚፈራ፣ ቀኑ ጠቦም ተቀምጦ የቀረ ግን ትዕግሥቱ እንደማይጠቅመው ነው።