የእድሩ ጡሩምባ ነፊና አዲሱ ሊቀ መንበር

በአንዲት የወረዳ ከተማ የምክር ቤት ምርጫ ተደረገና፣ ወንበሩን የሙጥኝ ብሎ የኖረው የፋኖስ ፓርቲ ወድቆ የቁልፍ ፓርቲ ተተካ። አገሬውም፣ ደግነቱ አይጣል ነውና፣ ማታ ፋኖስ ሆኖ ተኝቶ ጠዋት ቁልፍ ሆኖ ተነሣ።

አዲሱ ሊቀ መንበር አቶ ጥጋቡ እንደተደላደሉ መጀመሪያ ያስጠሩት የእድሩን ጡሩምባ ነፊ ነበር። ይህ ሰው ጎህ ሲቀድ በየመንደሩ እየዞረ ሞት የሚያስታውቅ፣ በዚያችው ጡሩምባ የሚኖር ድኻ ነው። በቅስቀሳው ሰሞን ግን ያችኑ ጡሩምባ ለፋኖስ ሲነፋ ከርሟል።

«አንተ!» አሉት አቶ ጥጋቡ በጉባኤው ፊት። «ለፋኖሶች ስትነፋ አልከረምክም? ብትክድ በሰው አስመሰክርብሃለሁ፤ ካመንክ ደግሞ ጡሩምባህን አስረክበህ ትሄዳለህ!»

ጡሩምባ ነፊው እጅ ነሣና፣ «ነፍቻለሁ ጌታዬ፣ ምን ያስክደኛል?» አለ። «ግን እስቲ ጉባኤው ይፍረደኝ፤ በዚህ አገር እኔ ጡሩምባ ነፍቼለት ሳይቀበር የቀረ ሰው አለ?»

ጉባኤው በጋቢው ጫፍ አፉን ሸፈነ።

«ፋኖስን ለመጣል ከእናንተ ውስጥ እንደኔ የደከመ ማን ነው? ባለውለታነቴን ካላመኑኝ ግን ጌታዬ፣ ነገ ማለዳ የእርስዎን ስም እየጠራሁ ልንፋና ይዩኝ።»