ሞረድ የያዘው ሽማግሌ

ደርሰህ የሚባል ጎልማሳ በልጅነቱ ፊደል ያስቆጠሩትን መሪጌታ ሊጠይቃቸው መጣ። አመጣጡ ግን ሚስቱን ለመክሰስ ነበር። በየማዕዱ ጎመን፣ ምስርና ካሮት እያቀረበች አስቸግራዋለች። «የኔታ፣ እንጀራ በሥጋ ካጠገበኝ ይህ ቅጠላ ቅጠል ምን ያደርግልኛል? ፍየል ነኝ እንዴ?» አላቸው። ወዲያውም ሰሞኑን ጠግቦ እየበላ ጉልበቱ ቀትር ላይ እንደሚከዳው፣ ሥጋ ቢያስጨምርም እንዳልረዳው አጫወታቸው። መሪጌታ ከት ብለው ሳቁና እንዲህ ሲሉ ነገሩት።

አንድ ሰው ነበረ። ሀብታም ገበሬ ነበረ፤ ጤፉም በዚያ ዓመት ለጉድ ደርሶለት ነበር። በአጨዳው ሰሞን ግን ያለ ወቅቱ ደመና ተራራው ላይ ይሰበሰብ ጀመር። የደረሰ ጤፍ ዝናብ ካገኘው ፍሬው ይረግፋል፣ የቀረውም ይበሰብሳል። ሀብታሙ ሰው እንቅልፍ አጣ። በግ አርዶ ደቦ ጠራ።

በማለዳ አገሩ ሁሉ መጣ። ማጭድ የያዙ ጎረምሶች መጡ፤ ከእነርሱም ጋር አንድ የጎበጠ ሽማግሌ ሞረድ ይዞ፣ አንዲት ባልቴት እንስራ ውኃ አዝላ፣ አንድ ቀጭን ዘፋኝ ደግሞ ባዶ እጁን መጣ፤ የእርሱ ሥራ ግጥም ማውረድ ነበር። ሀብታሙ ሰው ደጁ ላይ ቆሞ ሲያያቸው አንጀቱ አረረ። የሚያጭድ ክንድ ቢጠራ የሚበላ አፍ መጣበት።

ሽማግሌውን «አባቴ፣ እርስዎ ስንት ነዶ ያጭዳሉ?» አለው።

«አንድም አላጭድ።»

«እንግዲያው የኔን ምሳ የሚበላው ማጭድ የያዘ ነው። በሰላም ወደ ቤትዎ ይግቡ።»

ባልቴቲቱንና ዘፋኙንም እንዲሁ መለሳቸው። በግቢው ጉልበት ብቻ ሲቀር ደስ አለው።

አጨዳው ሲጀመር ያስደንቅ ነበር። ረፋዱ ላይ ግን ማጭዱ ሁሉ ዶለዶመ፤ ጎረምሶቹም ጤፉን ማጨድ ትተው ከነሥሩ ይነጩት ጀመር። የጠማው ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ የወረደውም ጥላ ሥር ጋደም ይላል። ዜማ የሚያወርድላቸው ስለሌለ አንዱ ሲፈጥን ሌላው ሲያዘግም ተጋፍተው ሊደባደቡ ደረሱ። ሀብታሙ ሰው ከዳር እስከ ዳር እየሮጠ በርቱ ይላል። አልሆን ሲለው ሥጋ አስጨመረላቸው። በሉ፣ ጠገቡ፣ ተኙ። ደመናው ግን አልተኛም።

ሀብታሙ ሰው ሰማዩን አየ፣ እርሻውንም አየ። እኩሌታው እንኳ አልታጨደም። ፈራ። ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ወደ ሽማግሌው ቤት ሮጠና ደጃፉ ላይ ወደቀ። «አባቴ፣ ይማሩኝ። ሳያጭዱ የሚያሳጭዱ መሆንዎን አላወቅሁም» አለ። ሽማግሌው ሞረዱን አነሣ። መንገድ ላይም ባልቴቲቱን ከነእንስራዋ፣ ዘፋኙንም ከነረኀቡ ይዘው ተመለሱ።

ማጭዱ ተሞረደ፣ ውኃው ታደለ፣ ግጥሙ ወረደ። እነዚያው ጎረምሶች በዚያው ክንዳቸው ሌላ ሰው ሆኑ። ክምሩ ሣር ለብሶ ሲያበቃ የመጀመሪያው ጠብታ ወደቀ። ሀብታሙ ሰው ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ሳቀ፤ ከበጉም ምርጡን ቆርጦ ሽማግሌውን በእጁ አጎረሰው።

መሪጌታ ወደ ደርሰህ ዘወር አሉ።

«ልጄ፣ ደቦ ጠሪው አንተ ነህ። እንጀራው አጫጁ ነው፤ ጉልበት እርሱ ነው፣ አልክድህም። ሥጋውም ገላ ይገነባል። ጎመን ለደምህ የሚሰጥህ፣ ካሮትም ለዓይንህ የሚሰጥህ ግን ከጥፍር ጫፍ ያነሰ ነገር ነው። ሆድ አይሞላም። እርሱ ከሌለ ግን ሆድህን የሞላው ሁሉ በዶለዶመ ማጭድ ያጭዳል። ቀትር ላይ ጉልበትህ ሲከዳህ ምን አደረግህ? ሥጋ አስጨመርህ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤ ገላህንም መሸከም ለአንድ እንጀራ ብቻ አትተወው።»

ደርሰህ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። ሚስቱን ምን ብሎ እንደሚታረቃት ጠየቃቸው።

«ምንም አትበላት» አሉት። «ማታ ጎመኑን ስታቀርብልህ፣ ሞረድ የያዘው ሽማግሌ ደጅህ ቆሟል። አስገባው።»