ያልተለማመደ ፍሬን

አቶ ልዑልሰገድ የሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሠራተኞች ሥራ አስኪያጅ ሆነው በተሾሙ በሦስተኛው ሳምንት፣ የዓባይን ቁልቁለት ወርደው ስብሰባ ሊሄዱ ወደ መሥሪያ ቤቱ ጋራዥ መጡ። መካኒኩ የመኪናቸውን ዲስክና የፍሬን ሸራ በአዲስ ቀይሮ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር።

«ቁልፉን አምጣ» አሉት።

«ግማሽ ሰዓት ይታገሡኝ፣ ጌታዬ። አዲሱ ሸራና አዲሱ ዲስክ ገና አልተዋወቁም። ሜዳ መንገድ ላይ እየነዳሁ፣ ሙሉ በሙሉ ሳልቆም ሃያ ጊዜ ፍሬን ልያዝና ላላምዳቸው። አለዚያ ቁልቁለቱ ላይ በደንብ አይዙም።»

አቶ ልዑልሰገድ በጋራዡ የቆሙት ሾፌሮች እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ስማ! እኔ ሰኞ ጠዋት ተሾምኩ፣ ሰኞ ጠዋት ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ማንም አላለማመደኝም። ለእኔ ያላስፈለገ ልምምድ ለብረት ለምን እንደሚያስፈልግ ንገረኝ። ካልነገርከኝ ከዛሬ ጀምሮ ሥራ የለህም!»

ሾፌሮቹ መሬት መሬት አዩ። መካኒኩ «ለእርስዎም ያስፈልግ ነበር» ቢል ስድብ ነው፤ «አያስፈልግም» ቢል ቁልፉን ሊሰጥ ነው።

መካኒኩ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። «ጌታዬ፣ እርስዎ ቢሳሳቱ የምንሸከም ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ከሥርዎ አለን። ይህ ፍሬን ቢሳሳት ግን ከሥሩ ያለው ገደል ነው፤ ከላዩ ያሉትም እርስዎ ነዎት።»

አቶ ልዑልሰገድ መኪናው ውስጥ ከኋላ ገብተው ተቀመጡ፤ መካኒኩ ሜዳው ላይ ፍሬን በያዘ ቁጥርም አንድ በአንድ ቆጠሩ። ሃያ ሲሞላ መካኒኩ ወደ ጋራዡ ሊመለስ መሪውን አዞረ።

«ቆይ እንጂ» አሉት፤ «ሁለት ጨምርበት።»