ያለቦታው የተቀመጠው የቂብላ ድንጋይ

ስሟን ዘመን ባስረሳት፣ ተራራ በሦስት ወገን በከበባት አንዲት ጥንታዊ ከተማ ሸህ አብራር የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ፊቅህ፣ የሃይማኖቱን ሕግ ያስተምራሉ፣ ኒካህ ያስራሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ። የከተማው ሰው ግን ከሁሉ በላይ የሚያውቃቸው በቂብላ ድንጋያቸው ነበር። በዚያች ከተማ አዲስ ቤት የገባ ሰው ዕቃውን ሳይዘረጋ ሸሁን ይጠራል። እርሳቸውም ቢስሚላህ ብለው ይገቡና ወደ መካ በሚያቀናው ግድግዳ ሥር አንድ ጠፍጣፋ ነጭ ድንጋይ ያኖራሉ። ቤተሰቡ ከዚያ ወዲያ አቅጣጫ አይጠይቅም፤ ፊቱን ወደ ድንጋዩ አዙሮ ይሰግዳል። አርባ ዓመት እንዲህ ሲያደርጉ ኖረው በስተርጅና ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። ሰዉ ግን ያኔም ከእርሳቸው ሌላ አልጠራም። ዓይናቸው ቢደክም እጃቸው አይስትም ይባል ነበር።

ሉባባ ወደዚያች ከተማ የመጣችው በሐምሌ፣ ዝናቡ ሳያባራ በሚሰነብትበት ወር ነው። ባሏ በወባ ሞቶባት፣ አራት ወር ከአሥር ቀን የመበለትነት ኢዳዋን ጨርሳ ስትነሳ የባሏ ወንድሞች ቤቱን ለራሳቸው ፈለጉት። ሸህ አብራር የሟቹ መምህር ነበሩና «ልጆችሽን ይዘሽ ነይ፤ በግቢዬ ባዶ ቤት አለ» ብለው ላኩባት። እርሷም የሰባት ዓመቷን ነፊሳን በእጇ ይዛ፣ የሦስት ዓመቱን ሙስባህን በጀርባዋ አዝላ ሦስት ቀን ተጓዘች።

የደረሰች ዕለት ሸሁ በትራቸውን እያንኳኩ መጡ። የበሩን መቃን ዳሰሱ፣ ገቡ፣ ወደ ቀኛቸው ታጠፉና በግድግዳው ሥር ነጩን ድንጋይ አኖሩ።

«ቂብላሽ ይኸው ነው ልጄ። አላህ የምታርፊበት ቤት ያድርግልሽ» አሏት።

«አሚን አባባ» አለች ሉባባ። በአገሯ እንዲህ ያለ ልማድ አልነበረም። ድንጋዩን ስታየው ግን አንድ ነገር እንኳ ለእርሷ ተብሎ በዚያ ቤት ውስጥ ስለተቀመጠ ደስ አላት።

አዲስ ቤት መልመድ ቀላል መስሎ የሚታየው ለሚያይ ሰው ነው። ጨው ፈልጋ እጇን ስትሰድ ወደ ድሮው ቤቷ መደርደሪያ ይሄድና ባዶ ግድግዳ ይነካ ነበር። ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ ማን ከማን በፊት እንደሚቀዳ ያውቃሉ፤ እርሷ አታውቅምና እንስራዋን እንደያዘች መጨረሻ ላይ ትቆማለች። ጎረቤቶቹ ክፉ አልነበሩም። የመጀመሪያውን ሦስት ቀን ገንፎውንም ቂጣውንም እያፈራረቁ አምጥተዋል። ቀጥሎ ባለው ቤት የምትኖረው እትዬ ሙሂባ እሳትም አበድራታለች፣ ወሬም አልነፈገቻትም። ደግ ሴት ነበረች፤ ምላሷ ብቻ ከልቧ ይቀድማል። ነፊሳ ግን በየጥዋቱ «እማ፣ መቼ ነው ቤታችን የምንሄደው?» ስትል እናቷ የልጅቱን ፀጉር መሥራት ትጀምር ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ዝናቡ የግድግዳውን ምርጊት አረገፈው። ሉባባ ጭቃውን በጭድና በእበት አቡክታ ቤቱን ብቻዋን ዙሪያውን መረገችው። ያን ቀን የቂብላውን ድንጋይ አነሳች፣ ግድግዳው ሲደርቅም መልሳ አስቀመጠችው። ይህችን ትንሽ ነገር ያን ጊዜ ልብ ብላ እንኳ አላሰበቻትም።

ነሐሴ ሲገባ ሙስባህን ትኩሳትና ሳል ያዘው። አሥር ቀን ሙሉ አጥሚት በማንኪያ ጠብ ታደርግለታለች፣ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ ትይዝለታለች፣ የሶላት ሰዓት ሲደርስ ወደ ነጩ ድንጋይ ዞራ ትሰግዳለች። ከሰገደች በኋላም አትነሳም። «ያ ረቢ፣ አባቱን ወስደሃል፤ አልሀምዱሊላህ፣ አልከፋኝም። እሱን ግን ተውልኝ» ትላለች። ሌላ ዱዓ አልነበራትም። ልጁ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ለዙህር አዛን ሲባል፣ በጭኗ ላይ እንደተኛ ሞተ።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ደራሽ ሴቶች ግቢውን ሞሉት። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት የሚሰግዱት በሸሁ ሰፊ ቤት ነበር። ያን ዕለት ግን ዶፍ ወረደና እትዬ ሙሂባ ሉባባ ቤት ውስጥ ምንጣፍ አንጥፋ ልትሰግድ ተነሳች። ድንጋዩን አየችና ክው አለች።

«ኧረ ሉባባ! ይህ ድንጋይ እዚህ ምን ይሠራል? ቂብላው እኮ ከበሩ ትይዩ ነው! ማነው ያነሳው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሉባባ። «ቤቱን ስመርግ አንስቼው ነበር።»

«ወይኔ እህቴን! ታዲያ ያን ሁሉ ዱዓ ወዴት ስትልኪው ከረምሽ?»

ሙሂባ ይህን ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ግን ምን ይሆናል፣ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሉባባ ጭቃ ያቦካችበትን እጇን ብቻ ታይ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ሉባባ ልጇን የገደለችው ራሷ እንደሆነች አመነች። አሥር ቀን ሙሉ ስትለምን የነበረው ጀርባዋን ወይም ጎኗን ለካዕባ ሰጥታ እንደሆነ፣ ልመናዋም ከባዶ ግድግዳ ጋር ተላትሞ እንደቀረ አሰበች። ለሶላት ታጥባ ውዱእ ታደርግና ምንጣፉን ታነጥፋለች፤ ነገር ግን «አላሁ አክበር» ለማለት እጇ አይነሳላትም። እንደቆመች ትቆይና ምንጣፉን ታጥፈዋለች። ነፊሳ «እማ፣ አትሰግጂም?» ስትላት «ሰግጃለሁ» ትላለች። በሕይወቷ ለልጇ ስትዋሽ የመጀመሪያዋ ነበር። ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ ዝም ይላሉ፤ አዝነውላት ነው፣ ለእርሷ ግን ነገሯን የሚያወሩ ይመስላታል። መስከረም ሲጠባ ያላትን ጥቂት ልብስ በአንድ ኩታ መቋጠር ጀመረች። ወዴት እንደምትሄድ ግን አታውቅም ነበር።

ነገሩ ለሸህ አብራር የደረሰው በእትዬ ሙሂባ ነው። ጸጸት ቢበላት አንድ ጥዋት ሄዳ ነገረቻቸው። «ድንጋዩን አንስታ ያለቦታው መለሰችው። እኔ ደግሞ ያላሰብኩት አፌን አመለጠኝ። ይኸው ልጄን ገደልኩ ብላ መስገድም ትታለች።»

ሸሁ በትራቸውን ይዘው ወዲያው ተነሱ። ሉባባ ደጃፉ ላይ ስታያቸው ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። ሰማዩ ያን ቀን ጠርቶ ነበር። አዛውንቱ እንደ መጀመሪያው ቀን መቃኑን በእጃቸው ያዙና ሊገቡ ሲሉ ቆሙ። የጥዋት ፀሐይ ቀኝ ጉንጫቸውን እየሞቀው ነበር።

ሸህ አብራር የሚያውቁት ቤት በሩ በምሥራቅ ነበር። በዚያ በር የሚገባ ሰው የጥዋት ፀሐይ የሚሞቀው ጀርባውን ነው። አሁን የሞቃቸው ግን ጉንጫቸው ነው። ያን ጊዜ ትዝ አላቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ጎርፍ የምሥራቁን ግድግዳ ሲጥለው በሩ በደቡብ በኩል ወጥቷል፤ ይህንንም ሰው ነግሯቸው ነበር። ሉባባ የመጣች ቀን ግን ሰማዩ ዳምኖ ፀሐይ የለችም፤ እግራቸውም በድሮው ልማድ ወደ ቀኝ ታጠፈ። መካ በስተሰሜን ሆና ሳለ እርሳቸው ሴትዮዋን ወደ ምሥራቅ አዞሯት።

«ድንጋዩን ያነሳሽው ከየት ነበር ልጄ?» አሏት።

«ከዚሁ ይመስለኝ ነበር አባባ። ግን እንጃ፤ ስቼ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሸሁ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ዳሰሱት፤ እርሳቸው ካኖሩበት ቦታ ስንዝር እንኳ ፈቀቅ አላለም ነበር። ያን ዕለት አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ተመለሱ። ሉባባም ተቀይመውኝ ነው ብላ ኩታዋን አጥብቃ ቋጠረች።

በማግስቱ ሸሁ ነገሩን ለመስጊዱ ኢማም ለሐጂ ጡሃ ነገሯቸው። ሐጂ ጡሃ አስተዋይ ሰው ናቸው፤ «ሸሃችን» አሉ፣ «ሴትዮዋ ጥፋቱን አንዴ በራሷ ላይ ተቀብላዋለች። እርስዎ ተሳሳቱ ከተባለ አገሩ ሁሉ የቤቱን ድንጋይ ይጠራጠራል። የአርባ ዓመት ሥራዎ ነው። እርሷን በደፈናው ያጽናኗት፣ ይበቃል።»

«ጥሩ መክረኸኛል» አሉ ሸህ አብራር። «ግን ጡሃ፣ እርሷ ተሸክማው የምትዞረው የኔን ሸክም ነው። እኔ ስሜን እየጠበቅሁ እርሷ ልጄን ገደልኩ ብላ ትኑር?»

«እንዲህ ማለትዋን አላወቅሁም ነበር» አሉ ሐጂ ጡሃ፤ አንገታቸውንም ደፉ።

የጁምዓ ሶላት ተሰግዶ ሰው ሊበተን ሲል ሸሁ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። «የሉባባን ቂብላ ያሳትኩ እኔ ነኝ» አሉ። «እርሷ ድንጋዩን ካኖርኩት ቦታ አላንቀሳቀሰችውም። ዓይኔ ከደከመ ወዲህ ድንጋይ ያስቀመጥኩላችሁ ሁሉ ዛሬውኑ በፀሐይ አይታችሁ አቅኑ። ከእንግዲህም ለዚህ ሥራ አትጥሩኝ፤ ሐጂ ጡሃን ጥሩ። አፉ በሉኝ።»

ከዚያ በኋላ ሰዉ ወደየቤቱ ሄዶ ሲያይ የሁለት ቤት ድንጋይ ተሳስቶ ተገኘ። አንዳንዱ በሸሁ ጨዋነት አለቀሰ፤ አንዳንዱ ደግሞ «ዕውር ምን ያውቃል» ብሎ አጉረመረመ።

ከመስጊድ በቀጥታ የሄዱት ወደ ሉባባ ነው። ሐጂ ጡሃ ክንዳቸውን ይዘዋቸው ነበር፤ እትዬ ሙሂባም ከኋላ ተከትላለች። ሉባባ ጓዟን አስራ፣ ነፊሳን ጫማ እያጫማች አገኟት። ሸሁ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ያደረጉትን ሁሉ፣ በሩን፣ ጎርፉን፣ ጉንጫቸውን የሞቀውን ፀሐይ፣ አንድም ሳይቀንሱ ነገሯት።

«ድንጋዩን ከነበረበት ነው የመለስሽው። እኔ ነኝ የሳትኩት። አፉ በይኝ ልጄ።»

«አፉ ብያለሁ አባባ» አለች ሉባባ። ድምፅዋ ግን ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። «ታዲያ የሰገድኩት ሶላትስ?»

«ቂብላን የሚታመን ሰው ጠይቆ፣ እንደነገሩት የሰገደ ሰው ሶላቱ ሶላት ነው። ብዙ ዑለማ እንዲህ ይላሉ። ዱዓሽማ ግድግዳ አያግደውም። ተሰምቷል።»

ሉባባ ይህን ጊዜ ቀና አለች። እንባዋ መውረድ ጀመረ። «ከተሰማ ለምን ሞተብኝ?»

እትዬ ሙሂባ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዕድሜዋ፣ መልሳ ዘጋችው። ሁሉም የአርባ ዓመቱን መምህር አፍ ይጠብቁ ነበር።

«አላውቅም» አሉ ሸህ አብራር። ዓይናቸው ባያይም ፊታቸውን ወደ እርሷ አዙረው ነበር። «እርሱን አላህ ያውቃል፤ እኔ አላውቅም። በአንቺ ጥፋት አለመሆኑን ግን አውቃለሁ።»

ሉባባ ልጇ ከሞተ ጀምሮ እንዲያ አልቅሳ አታውቅም። ነፊሳ ደንግጣ አንገቷን አቀፈቻት። ማንም ተይ፣ በቃሽ አላላትም። የዐስር ሶላት አዛን ሲሰማ ተነስታ ውዱእ አደረገች፣ ወደ ሰሜን ዞራ እጇን አነሳች። የተቋጠረው ኩታ የተፈታው በማግስቱ ነው።

እኛ ለቅሶ ቤት ስንገባ ምክንያት ይዘን መግባት እንወዳለን። የሞተው በዚህ ነው፣ እንዲህ ባታደርጊ ኖሮ፣ ይህ የሆነው ለዚህ ነው እንላለን፤ በቃላችንም ሐዘንተኛው ላይ ድንጋይ እንጭናለን። ሸህ አብራር ከዚያች እናት ላይ የራሳቸውን ስህተት አነሱ። የአላህን ምስጢርም የማያውቁትን እንደሚያውቁ ሆነው አልነኩትም። ለእርሷ የቀረላት ሐዘኗ ብቻ ነበር። ሐዘን ብቻውን ሲሆን ከባድ ነው፣ ግን ሰው ተሸክሞት ይሰግዳል፣ ውኃ ይቀዳል፣ የቀረችውን ልጁን ፀጉር ይሠራል። አላህ ለሙስባህ ጀነትን፣ ለእናቱም ሰብርን፣ ትዕግሥትን ይስጥ፤ እኛንም «አላውቅም» የምትል ምላስ አይንሳን።