ፓምፑ አልስብም ያለ ቀን

የውሃ ነገር ላወራ ነውና «ይውረድ» በሉኝ። አላችሁ? እንግዲያው ወረደ።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ጥላ በበዛበት አንድ መንገድ ዳር ጋሽ ወንድይራድ የሚባል ጡረተኛ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ነበረ። ጋሽ ወንድይራድ አንዲት ዓሣ ነበረችው። ስሟ ፀዳለ ነው። ወርቃማ ናት፤ መዳፍ ታህላለች፤ ሳሎን ውስጥ፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ የመስታወት ገንዳ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። ስሟን ያወጣችላት ባለቤቱ እታፈራሁ ነበረች። እታፈራሁ ካረፈች ስምንት ወር ሆኗታል። የፀዳለ ውሃም ሳይቀየር እንዲሁ ስምንት ወር ሆኖታል። ጋሽ ወንድይራድ የጎደለውን ከላይ በጣሳ ይጨምራል እንጂ ከሥር ቀድቶ አያውቅም። ለምን ቢሉት ወገቤን ያመኛል ይላል። ወገቡን አያመውም።

አንድ ቅዳሜ፣ ልክ ከምሳ በኋላ፣ ውሃው ሻይ መሰለ። ፀዳለ ወደ ላይ ወጣች፤ አፏን ከውሃው በላይ ከፈተች፤ «ውሃዬን ቀይርልኝ» አለች። ዓሣ አትናገርም የሚሉ ሰዎች አሉ። እነሱ ዓሣ ጠይቀው የማያውቁ ናቸው። እታፈራሁ ግን በሕይወት ሳለች፣ ዓሣ ወደ ላይ ወጥታ አፏን ከከፈተች ሁለት ቀን ነው ያላት፣ ትል ነበር። ጋሽ ወንድይራድ ይህን አልረሳም። በዚያ ቤት ከእታፈራሁ የቀረ የሚተነፍስ ነገር ፀዳለ ብቻ ናት።

ቢሆንም አልደነገጠም፤ ፓምፕ አለው። ልጁ ምንትዋብ ከአዳማ ልካለታለች፤ አባዬ፣ ከእንግዲህ ሰክተህ ቁጭ ነው፣ ብላ ጽፋበታለች። አዲሱም ውሃ ተዘጋጅቷል፤ ሐሙስ የሰፈሩ ተራ ደርሶ ቧንቧው ሲመጣ በሁለት ቢጫ ጀሪካን ተቀድቶ፣ የቧንቧው መድኃኒት ሽታ እንዲለቀው ሁለት ቀን አርፏል። የቀረው አሮጌውን ማውጣት ብቻ ነው። ስለዚህ ጋሽ ወንድይራድ የጣቢያ ኮፍያውን አደረገ፣ ፓምፑን ገንዳው ውስጥ አስቀመጠ፣ ሰካው። ፓምፑ አጉረመረመ። ውሃ ግን አልመጣም።

ይህ ፓምፕ ቀላል ሰው አይደለም። በስድስት ቋንቋ መመሪያ ታጅቦ በካርቶን የመጣ ነው። በዚያ መንገድ ላይ አምስት ቋንቋ ይነገራል፤ ከስድስቱ ግን አንዱም እዚያ አይታወቅም። ምን ሆነህ ነው ቢለው፣ የእኔ ሥራ መሳብ ነው፣ አለ። ማድረስ የሌላ ክፍል ነው። የሳብኩትን የት ልትፋው? ቱቦው ምንጣፍ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ቱቦ ወደ ግቢ ካልወጣ አልስብም።

ጋሽ ወንድይራድ ወደ ቱቦው ዞረ። ቱቦው ለመውጣት ፈቃደኛ ነበረ፤ እንደምታውቁት ፈቃደኝነት ርዝመት አይጨምርም። በበሩ ዞሬ ግቢ ለመድረስ አጥራለሁ፣ አለ። በመስኮት ከሆነ አንድ እርምጃ ነው። መስኮት ካልተከፈተ አልወጣም። እንግዲህ መስኮት ካልተከፈተ ቱቦ አይወጣም፤ ቱቦ ካልወጣ ፓምፕ አይስብም፤ ፀዳለም አፏን ከፍታ ትጠብቃለች።

መስኮቱን ገፋው፤ መስኮቱ ቃተተ። እኔ የምከፈተው ወደ ውጭ ነው፣ አለ። ውጭ ደግሞ የሎሚው ዛፍ ሙሉ ክብደቱን ጥሎብኛል። በበኩሌ ተባባሪ ነኝ፤ ሎሚ ካልተነሣልኝ ግን አልከፈትም። እንግዲህ ሎሚ ካልተነሣ መስኮት አይከፈትም፤ መስኮት ካልተከፈተ ቱቦ አይወጣም፤ ቱቦ ካልወጣ ፓምፕ አይስብም፤ ፀዳለም አፏን ከፍታ ትጠብቃለች።

ጋሽ ወንድይራድ በበሩ ዞሮ ወደ ግቢ ወጣ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሎሚውን እታፈራሁ የተከለችው ምንትዋብ የተወለደች ዓመት ነው፤ ያኔ ቀጥ ያለ ነበር። አሁን እንደ ደከመ ሽማግሌ መስኮቱን ተንተርሷል። ተነሥ ቢለው፣ እንዴት ልነሣ፣ አለ። ይህን የሚያህል የደረቀ ቅርንጫፍ ተሸክሜ ነው የጎበጥኩት። መጋዝ ካልቆረጠልኝ አልነሣም። እንግዲህ መጋዝ ካልቆረጠ ሎሚ አይነሣም፤ ሎሚ ካልተነሣ መስኮት አይከፈትም፤ መስኮት ካልተከፈተ ቱቦ አይወጣም፤ ቱቦ ካልወጣ ፓምፕ አይስብም፤ ፀዳለም አፏን ከፍታ ትጠብቃለች።

በዚያ መንገድ የቆየ ልማድ አለ፤ ወይም ነበረ። ማንኛውም ዕቃ አንድ ቤት ብቻ ይኖራል፣ ሁሉም ቤት ይሠራል። መሰላሉ ልብስ ሰፊው ዘንድ ነው፤ ትልቁ የድግስ ድስት እታፈራሁ ዘንድ ነበር፤ መጋዙ ከግቢው ግንብ ወዲያ ማዶ በጎረቤቱ በዘይቱና በረንዳ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ጋሽ ወንድይራድ በግንቡ ላይ አንገቱን አሻግሮ አየው። ሥርዓት አዋቂ ስለሆነ መጀመሪያ መጋዙን ጠየቀ። መጋዙ፣ እኔ ዘይቱና ካላወረደችኝ አልቆርጥም፣ አለ። እንግዲህ ዘይቱና ካላወረደች መጋዝ አይቆርጥም፤ መጋዝ ካልቆረጠ ሎሚ አይነሣም፤ ሎሚ ካልተነሣ መስኮት አይከፈትም፤ መስኮት ካልተከፈተ ቱቦ አይወጣም፤ ቱቦ ካልወጣ ፓምፕ አይስብም፤ ፀዳለም አፏን ከፍታ ትጠብቃለች።

ድሬ ላይ ከምሳ በኋላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንቅልፍ ስለሆነ ሰው አይጠራም። መንግሥት ቢለወጥ እንኳ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የሚነገረው። ጋሽ ወንድይራድ ግን ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ዘይቱና ብሎ ጠራ፤ ሁለተኛም ጠራ። ዘይቱና በረንዳው ላይ ከተጋደመችበት ምንጣፍ በአንድ ክንዷ ብድግ አለች። ጎረቤት ከሆኑ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል፤ የድሬ ሰው ደግሞ ለአንቱታ ጊዜ የለውም።

«አንተ ወንድይራድ፣ የሞተ ሰው አለ?»

የለም፣ መጋዝ ፈልጌ ነው፣ አላት።

«አቦ ተወኝ! ስምንት ወር አንገትህን በዚህ ግንብ ላይ ሳታሳይ፣ ዛሬ ለመጋዝ ቀሰቀስከኝ?»

ጋሽ ወንድይራድ ኮፍያውን አስተካከለ። ኮፍያ ማስተካከል ጥሩ መልስ ነው፤ ባቡር ሲዘገይም ይሠራ ነበር። ዘይቱና ግን ባቡር አይደለችም። እታፈራሁ እያለች ቅዳሜ ቅዳሜ በዚህ ግንብ ላይ ሎሚ ይመጣ እንደነበር አስታወሰችው፤ ከሎሚው ጋር ወሬ ይመጣ ነበር፣ ከወሬው ጋር ሳቅ። አሁን ግንቡ ግንብ ብቻ ሆኗል። ሎሚ ካልመጣ መጋዝ አላወርድም፣ ብላ ተመልሳ ተጋደመች፤ ፊቷን ግን ወደ ግንቡ አድርጋ ነው።

ወደ ሎሚው ተመለሰ። አንድ ሎሚ ስጠኝ፣ አለው። ሎሚው፣ ከየት አባቴ ላምጣ፣ አለ። እኔ የማፈራው የፀዳለን አሮጌ ውሃ ስጠጣ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እታፈራሁ መስኮቱን ከፍታ ቱቦውን ታወጣልኝ ነበር። እሱ ካልመጣ አላፈራም።

ጋሽ ወንድይራድ ግቢው መካከል ቆሞ በጣቱ ቆጠረ። አሮጌው ውሃ ካልመጣ ሎሚ አያፈራም፤ ሎሚ ካላፈራ ዘይቱና አታወርድም፤ ዘይቱና ካላወረደች መጋዝ አይቆርጥም፤ መጋዝ ካልቆረጠ ሎሚ አይነሣም፤ ሎሚ ካልተነሣ መስኮት አይከፈትም፤ መስኮት ካልተከፈተ ቱቦ አይወጣም፤ ቱቦ ካልወጣ ፓምፕ አይስብም፤ ፓምፕ ካልሳበ አሮጌው ውሃ አይመጣም። ስምንት ጣት ሞላ። ነገሩ ዞሮ ራሱ ላይ ገጠመ። ሁሉም ትክክል ነበሩ፤ አንዳቸውም ላይ ጥፋት አይገኝም። እንዲህ ያለ ፍጹም አሠራር ጣቢያ ውስጥ እንኳ አላየም። ፀዳለ ብቻ በፍጹሙ አሠራር መካከል ልትሞት ነው።

ገባ። ፀዳለ ወደ ጎን ማዘንበል ጀምራለች። አሮጌውን ውሃ፣ በፈጠረህ ውጣ፣ ብሎ ለመነው። ውሃው ማን ከለከለኝ አለ። እኔ እኮ በአፍ ነበር የምጠራው።

ይህን ጋሽ ወንድይራድ ያውቃል። ስምንት ወር የሸሸው እሱን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እታፈራሁ ሳሎን ትሆናለች፤ የቱቦውን አንድ ጫፍ ገንዳው ውስጥ ትይዛለች። ጋሽ ወንድይራድ ግቢ፣ ሎሚው ሥር፣ ቁጢጥ ይላል፤ ሌላውን ጫፍ አፉ ውስጥ አድርጎ ይስባል። ቱቦው ውስጡን ያሳያል። ውሃው መስኮቱን አልፎ ሲወርድ እታፈራሁ «መጣ!» ትላለች፤ እሱ አፉን ያነሣል፤ ውሃው ሎሚው ላይ ይፈስሳል። ሕጉ ይኸው ነው። እታፈራሁ ግን ሁልጊዜ ትዘገይ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር በሰዓቱ ያስገባ ሰው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ጉንጭ የዓሣ ውሃ ይውጣል፤ እሷ መስኮቱን ተደግፋ ትስቃለች፤ ዘይቱና ከግንቡ ማዶ፣ ዛሬም አጠጣችው፣ ትላለች። ሆን ብላ እንደምትዘገይ የገባው በሁለተኛው ዓመት ነው። አልተናገረም። ቢናገር በሰዓቱ ትጠራው ነበራ።

ጋሽ ወንድይራድ ኮፍያውን አወለቀ። የቱቦውን አንድ ጫፍ ከፓምፑ ነቅሎ ገንዳው ውስጥ ነከረ፤ ባልዲ አምጥቶ ወለሉ ላይ አደረገ፤ ቁጢጥ አለና ሌላውን ጫፍ አፉ ውስጥ አስገባ። ሳበ። ውሃው ሽቅብ ወጣ፤ ጠርዙን ዞረ፤ ወረደ። መጣ የሚለው ሰው አልነበረም። ስለዚህ ዋጠ። ጣዕሙ ያው ነበረ።

አሳለው፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። ከማሳሉ ነው፤ እኔ ይህን አረጋግጫለሁ። ባልዲውም ሞላ።

ከመጀመሪያው በባልዲ አይቀዳም ነበር ወይ የሚል ሰው ይኖራል። ባልዲ በስድስት ቋንቋ መመሪያ የለውም፤ ስለዚህ ማንም አላሰበውም።

ባልዲውን ተሸክሞ በበሩ ዞረና ሎሚው ሥር አፈሰሰው። መሬቱ ጢስ እስኪመስል እየተነፈሰ ጠጣ። ጋሽ ወንድይራድ ባዶውን ባልዲ ሊያነሣ ጎንበስ ሲል፣ ከደረቀው ቅርንጫፍ ሥር፣ እሾህ መካከል አንዲት ሎሚ አየ። ትንሽ ናት፤ ዓይነ ግቡም አይደለችም፤ ግን ቢጫ ናት። እጁ እየተቧጨረ ቀጠፋት። ቀና ሲል ዘይቱና ከግንቡ ማዶ ቆማ ታየዋለች። የእሱ ሸሚዝ ደረቱ ላይ ርሷል፤ ጺሙ ላይ ከገንዳው የመጣ አረንጓዴ ክር ተንጠልጥሏል።

«ጠጣህ እንዴ?» አለችው።

«ጠጣሁ።»

«ስንት?»

«እንደ ድሮው።»

ዘይቱና ሳቀች። ግንቡን ይዛ፣ ሻርፗ እስኪወድቅ ሳቀች። እሱም ሎሚዋን አቀበላት፤ አሸተተቻት፤ ጉያዋ ውስጥ ከተተቻት። ከዚያ ወዲያ ምን ቀረ? ሎሚ መጣ፣ ዘይቱና መጋዙን አወረደች። ዘይቱና አወረደች፣ መጋዝ ቆረጠ። መጋዝ ቆረጠ፣ ሎሚ ተነሣ። ሎሚ ተነሣ፣ መስኮት ተከፈተ፤ ስምንት ወር የታፈነ አየር ከሳሎኑ ወጣ። መስኮት ተከፈተ፣ ቱቦ ወጣ። ቱቦ ወጣ፣ ፓምፕ ሳበ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ በእሱ በኩል ችግር እንዳልነበረ እያጉረመረመ ሳበ።

ጋሽ ወንድይራድ ሳሎን ገንዳው አጠገብ ቆሟል። ዘይቱና ወደ እሱ ግቢ ተሻግራ፣ ሎሚው ሥር፣ የቱቦውን ጫፍ ይዛ ተቀምጣለች።

«መጣ!» አለች።

የሳበው ፓምፑ ነው። የጋሽ ወንድይራድ ጉሮሮ ግን ባዶውን አንድ ጊዜ ዋጠ።

ውሃው እየጎደለ ሄደ። በገንዳው መስታወት ላይ እታፈራሁ በቀይ የጥፍር ቀለም ያሰመረችው መስመር አለ። ፓምፑ ስለዚያ መስመር መመሪያው ውስጥ አልተጻፈለትም፤ ሊያልፈው ነበር። ጋሽ ወንድይራድ ሶኬቱን ነቀለው። ዘይቱና ከውጭ፣ ምነው አቆምክ፣ ገና አለ አይደል፣ ብላ ጠየቀች።

ውሃውን ሁሉ አንድ ጊዜ ከቀየሩባት ፀዳለ ትደነግጣለች፤ እታፈራሁ ይህን ሁልጊዜ ትል ነበር። የምትለውንም በራሷ በእታፈራሁ ቃል ለዘይቱና ነገራት።

«ትንሽ የድሮ ይቅርላት።»

ሁለቱን ጀሪካን ቀስ እያለ፣ በጣሳ በጣሳ፣ አሮጌው ላይ ጨመረ። ፀዳለ ቀጥ አለች፤ ወደ ታች ወረደች፤ አፏን ዘጋች።

ተረቴም እዚህ ወረደ። አሁን አንድ ጣሳ ንጹሕ ውሃ አቀብሉኝ፣ አፌን ልጉመጥመጥ።