የተሰረዘው ልዩ ልዩ

አንድ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። ዘርጋው ይባላል። በሚሠራበት መሥሪያ ቤት ከትልቁ ጄኔሬተር አንስቶ እስከ ትንሿ ብሎን ድረስ እሱ ያልመዘገበው ዕቃ አልነበረም። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ወፍራሙን መዝገብ በመዳፉ መታ መታ እያደረገ፣ «ስማ ወንድሜ፣ መዝገብ ላይ የሌለ ዕቃ ቢጠፋ ጠያቂ የለውም» ይለዋል። ይህን ከማንም አልተማረውም፤ የራሱ ነው። የራሱ በመሆኑም በጣም ይወደው ነበር።

ዘርጋው ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት። ወደ ቤቱ የሚገባው ገንዘብ የእሱ ደመወዝ ብቻ ነው። አንድ ደመወዝ ለአምስት ሰው ማብቃቃት ቀላል ነገር አይደለም፤ የሞከረው ያውቀዋል። እሱ ግን ያብቃቃል። ደመወዝ በወጣ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ፣ ደብተሩንና ማስመሪያውን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ልጆቹም ያን ሰዓት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጫወታሉ።

በዚያ ደብተር ያልተጻፈ ነገር የለም። የቤት ኪራይ፣ ጤፍ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ምስር፣ መብራትና ውሃ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ እድር፣ የዘርጋው ታክሲ፣ የዘርጋው ጫማ ማስጠገኛ፣ የዘርጋው ማኪያቶ ከባልደረቦቹ ጋር በሳምንት ሦስት ቀን፣ የሁለቱ ወንዶች ልጆች ፀጉር መቆረጫ፣ የሴቷ ልጅ ፀጉር መሠሪያ። ለድመቷ እንኳ በወር ሁለት ጊዜ ሳንባ ተመድቦላታል። ከሁሉም ግርጌ ደግሞ «ልዩ ልዩ» የሚል አንድ መስመር ነበር፤ አራት መቶ ብር። መስመሯን ያስገባችው ሚስቱ የሺመቤት ናት። በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት «እሷንም ጨምርልኝ» ብላው ጨመረላት። ሌላው ወጪ ሁሉ ሲመረመር ልዩ ልዩ ብቻ ምንም ሳይጠየቅ ዐሥራ ሁለት ዓመት ኖረ።

ከዚያ ዘይት ጨመረ። ኪራይም ተከተለው። ዘርጋው ደብተሩን ሦስት ጊዜ ደመረ፤ ሦስቱንም ጊዜ አራት መቶ ብር ጎደለው። ዓይኑ ከላይ ቀስ እያለ ወርዶ ግርጌው ላይ ቆመ። የሺመቤት ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«የሺ፣ ይሄ ልዩ ልዩ የምንለው ግን ምንድነው?»

«ልዩ ልዩ ነዋ» አለች እየሣቀች።

«እኮ ምን ምን?»

«የወለደች ትጠየቃለች፣ የታመመ ይጠየቃል… አንዳንድ ነገርም አይጠፋም።»

«አንዳንድ ነገር ብሎ ወጪ አለ እንዴ? ስም የሌለው ወጪ ሌባ ነው። መሥሪያ ቤት ቢሆን ኦዲተሩ ቁም ስቅሌን ያሳየኝ ነበር።»

የሺመቤት መልቀሟን አቆመች። የሆነ ነገር ልትናገር አፏን ከፈት አድርጋ ነበር። ባሏ ቀዩን እስክሪብቶ ከደረት ኪሱ ሲያወጣ ግን፣ «እሺ፣ ካልሆነ ሰርዘው» አለችው። ለልጅ ሲሆን የሚከራከሩ፣ ለራሳቸው ሲሆን ግን ቃል የሚያጥራቸው ሰዎች አሉ። እሷ እንደዚያ ናት። ዘርጋው ማስመሪያውን አስደግፎ መስመሯን ሰረዘ። ሒሳቡ እኩል መጣ። ያን ቀን ከሰዓቱን በሙሉ ደስ ብሎት ዋለ።

በሁለተኛው ወር ምስር ወጡ ውስጥ ጠጠር ተገኘች። ዘርጋው ከአፉ አውጥቶ ለልጆቹ እያሳየ፣ «ይቺም እኮ በኪሎ ተመዝና ነው የተገዛችው» ብሎ አሣቃቸው። በሳምንቱ ሌላ ጠጠር መጣች፤ ያኔ አልሣቀም። ቢያስተውል ኖሮ ሌላም የሚታይ ነገር ነበር። የሺመቤት መርፌና ክሩን ለሴት ልጇ ትሰጣለች። ስልክ ሲጠራ «ማነው እሱ? አንብቡልኝ» ትላለች። የልጆቹን ደብተር ተቀብላ ታገላብጥና «ጎበዝ» ብላ ትመልሳለች። ዘርጋው ግን ይህን ሁሉ የሚጽፍበት መስመር ስላልነበረው አላየውም።

አንድ እሁድ ምሳ ላይ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሦስተኛዋ ጠጠር የዘርጋውን መንጋጋ ጥርስ ሰነጠቀችው።

የጥርስ ሐኪሙ ማስሞያ አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር ጠየቀ። ዘርጋው ቤት ተመልሶ ደብተሩን ከላይ እስከ ታች ፈተሸ። ጥርስ የሚል መስመር የለም። ከጤፍ ቢያነሣ ወሩ አይደርስም፤ ከኪራይ ቢያነሣ አከራዩ አይምረውም። ጉንጩን ይዞ ተቀመጠ። የሺመቤት አየችው፤ ወደ ጓዳ ገብታ በመሐረብ የተቋጠረ ብር ይዛ ወጣች።

«እንካ፣ ሂድና አስሞላው።»

«ከየት መጣ?»

«ከልዩ ልዩ የተረፈ ነው።»

«አየሽ!» አለ ጉንጩን እንደያዘ። «አላልኩሽም? ለካ ሳያስፈልግ ነበር የምንመድበው።»

ዛሬ ያቺን ንግግሩን ሲያስታውሳት የሚገባበት ይጠፋዋል። ያን ቀን ግን ትክክል የተናገረ መስሎት ነበር።

ጥርሱ ከተሞላ በኋላ ዘርጋው ከቤት የተረፈውን ምስር በፌስታል ይዞ ወደ እህል ነጋዴዋ ወደ ወይዘሮ ድንቄ ሱቅ ሄደ። የሄደው ለጠብ ነው።

«ወይዘሮ ድንቄ፣ ምስር ነው ወይስ ጠጠር ነው የሚሸጡልን? ጥርሴን ጨረሱት እኮ!»

ወይዘሮ ድንቄ አልተቆጡም። ከፌስታሉ አንድ እፍኝ ሰፌድ ላይ በትነው በጣታቸው ገፋ ገፋ አደረጉት።

«ይሄ ያልተለቀመው ነው፣ ልጄ። የተለቀመው ያውልህ እዚያ ጋ፤ በኪሎ ሠላሳ ብር ይበልጣል። የሺ ሁልጊዜም ያልተለቀመውን ነው የምትወስደው። ‹ትርፉ ለልጆቹ ይሁን፣ መልቀሙን እኔ እለቅመዋለሁ› ትለኛለች። ድሮ ጠጠር አግኝተህ ታውቃለህ?»

«ኧረ አላውቅም።»

«አዎ፣ አታውቅም። አሁን ዓይኗ ደክሞ ነዋ! ሐኪሙ መነጽር ካዘዘላት ዓመት ሊሞላት ነው። ከዚያች ከአራት መቶ ብሯ ላይ እየቆነጠረች ስታጠራቅም ከረመች። ‹እማማ ድንቄ፣ ሁለት መቶ ብር ብቻ ነው የቀረኝ› ብላኝ ደስ ብሏት ነበር። በቀደም ስጠይቃት ደግሞ ‹ይተዉት፣ የባሰ ነገር መጣና ወጣ› አለችኝ። የባሰው ምን እንደሆነ እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።»

ዘርጋው ሳያስበው ምላሱን ወደተሞላው ጥርሱ ላከ። የሚስቱን መነጽር አፉ ውስጥ ይዞ ቆሟል። ፌስታሉን አንሥቶ ወጣ።

ቤት ሲደርስ የሺመቤት ፀሐይ ፍለጋ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥታ፣ ሰፌዱን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ትለቅማለች። የእግር ኮቴ ሰማችና ቀና አለች። በመካከላቸው አራት እርምጃ ቢሆን ነው።

«ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለ ዘርጋው።

ገብቶ ደብተሩን አመጣና አጠገቧ ተቀመጠ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብ ጀመር። «የዘርጋው ታክሲ። የዘርጋው ጫማ። የዘርጋው ማኪያቶ። የወንዶቹ ፀጉር። የሴቷ ፀጉር። የድመቷ ሳንባ።» ጣቱ ወርዳ ወርዳ ቀዩ ሰረዝ ላይ ቆመች። «የሺመቤት የሚል የለም። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ የለም።»

«ነበርኩ እኮ» አለች የሺመቤት፣ ጣቷ ምስሩ ላይ እንዳለ። «ልዩ ልዩ ውስጥ ነበርኩ።»

ዘርጋው ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የሚደግማት የራሱ አነጋገር ትዝ አለችው። መዝገብ ላይ የሌለ ዕቃ ቢጠፋ ጠያቂ የለውም። የሚስቱ ዓይን በየቀኑ ትንሽ በትንሽ ሲጠፋ ለምን ጠያቂ እንዳላገኘ ያኔ ገባው። እንደ ልጅ አለቀሰ፤ እሷም ሰፌዱን አስቀምጣ አባበለችው። ማባበሉም የሷ ሥራ ሆነ ማለት ነው!

ዕንባውን ጠርጎ አዲስ ገጽ ገለጠ። ከኪራይ በላይ፣ በመጀመሪያው መስመር፣ «የሺመቤት - መነጽር» ብሎ ጻፈ። የዘርጋውን ማኪያቶ ሰረዘ። የጠዋቱንም ታክሲ ሰረዘ፤ ጠዋት ጠዋት በእግሩ ሊሄድ ነው። ልዩ ልዩ ተመለሰች፤ ለጊዜው ሁለት መቶ ብር ብቻ፣ ያለ ምርመራ። ደመወዙ ያው የድሮው ነው፤ አንድ ብር አልጨመረም። የመነጽሩ ዋጋ የሞላው በሦስተኛው ወር ነው። በእነዚያ ሦስት ወራት ምስሩን የለቀመው ዘርጋው ራሱ ነበር። የመጀመሪያዋን ኪሎ ለመልቀም አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀበትና ወገቡን ይዞ ተነሣ። ደብተሩ ላይ ግን ያ ሁሉ ሥራ «ምስር» ተብሎ በአንድ ቃል ነበር የተጻፈው።

መነጽሩ የተገዛ ዕለት የሺመቤት አድርጋው መጀመሪያ ያነሣችው ያንኑ ደብተር ነው። ትንሽ አገላበጠችና፣ «አንተ! ጽሕፈትህ እንዲህ ጠማማ ኖሯል እንዴ?» ብላ ልጆቹን አሣቀች። ከዚያ የመጀመሪያውን መስመር አገኘችው። ብዙ ጊዜ ወሰደባት።

«ስሜን ግን አሳምረህ ነው የጻፍከው» አለች።

ወዳጆቼ፣ በአንድ ደመወዝ የሚኖር ቤት ሳንቲሙን ቢቆጥር ነውር የለበትም፤ ካልቆጠረ ወሩ አይደርስም። የዘርጋው ጥፋት መቁጠሩ አልነበረም፤ ሁሉን ቆጥሮ አንድ ሰው መዝለሉ ነበር። ኑሮ ሲጠብብን ቶሎ እጃችን የሚሄደው «ቅር ይለኛል» ብሎ ወደማይናገረው ሰው ድርሻ ነው። ቤቱ የቆመው ግን ብዙ ጊዜ በዚያው ሰው ጉልበት ነው፤ የእሱ ጉዳት ዞሮ ዞሮ በሁላችንም ማዕድ ላይ ጠጠር ሆኖ ይመጣል።

እስቲ ዛሬ የቤታችሁን ወጪ አውጡና ከላይ እስከ ታች አንብቡት። በወረቀት ካልጻፋችሁት በሐሳባችሁ አንብቡት። ስሙ የሌለው ማነው?